በአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ባለቤትነትና ፈተናዎቹ

በአዲስ አበባ ቤት ሠርቶ ወይም ገዝቶ ማከራየት ጥሪት ማቆያም መጦሪያም ሆኖ የቆየ ልማድ ነው። በመካከሉ ግን ረጅም ክፍተት አለ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት ከማድረጉም በላይ «ትርፍ ቤት» የተባለውን ስለወረሰ፣ የግል አከራይነት በሕግ ቀርቶ ነበር። የቀበሌ ቤት የሚባሉት በአብዛኛው የዚያን ጊዜ ውርሶች ናቸው።

በአሁኑ ገበያ የገቢው ዋና ችግር የቤት ዋጋና ኪራይ አለመመጣጠናቸው ነው። ለአብነት 6 ሚሊዮን ብር የወጣበት ቤት በወር 20 ሺህ ብር ቢከራይ፣ አንድም ወር ባዶውን ሳያድር በዓመት የሚያስገባው 240 ሺህ ብር፣ ማለትም የዋጋውን 4 በመቶ ነው፤ ያው ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ 420 ሺህ ብር ያስገኛል። ገዢው ይህ ስሌት ጠፍቶት አይደለም፤ ብር ሲረክስ ቤቱ ዋጋውን ይዞ ይቆይልኛል ብሎ ነው፤ ኪራዩ ለእርሱ መደጎሚያ ብቻ ነው። በብድር የገዛ ሰው ግን የባንኩ ወለድ ከኪራዩ ስለሚበልጥበት ልዩነቱን ከደመወዙ ወይም ከንግዱ መሙላት ይኖርበታል። ከሪል እስቴት አልሚ በቅድሚያ ከፍሎ የሚገዛም ርክክቡ በዘገየ ቁጥር ገንዘቡ ያለ ኪራይ ታስሮ ይቀመጣል። ከሚገኘው ላይ ደግሞ ለግለሰብ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ የኪራይ ገቢ ግብር፣ በ2015 ዓ.ም. ስሌቱ የተሻሻለው የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የደላላ ክፍያና የእድሳት ወጪ ይቀነሳሉ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ መጠበቁ ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በእጅጉ ስለረከሰ፣ ኪራዩ በውል የታሰረበት አከራይ ከውጭ የሚገባውን ቧንቧ፣ የመጸዳጃ ዕቃና የኤሌክትሪክ ገመድ በአዲሱ ዋጋ እየገዛ ማደስ ግድ ሆኖበታል።

የዕለት ተዕለቱ ችግር ከሒሳቡ ያላነሰ አድካሚ ነው። ኮንዶሚኒየም ብዙ ጊዜ ፊኒሺንጉ ሳያልቅ ስለሚተላለፍ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ኪራይ ከማየቱ በፊት ለወለል፣ ለበርና ለቀለም ያወጣል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ውሃ በማይደርስበት ጊዜ የሮቶ ጉዳይ ይከተላል። በግቢ ውስጥ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች አንድ የመብራት ቆጣሪ ሲጋሩ፣ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ስለሚል፣ ሁሉም ለየብቻቸው ቢከፍሉ ኖሮ ከሚመጣባቸው የበለጠ ይከፍላሉ፤ በአከራይና በተከራይ መካከል የዚህን ያህል የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ጥቂት ነው።

ባለቤቱ ውጭ አገር ሲኖር ቤቱን ብዙውን ጊዜ በውክልና የሚያስተዳድረው ዘመድ ነው፤ የሥጋ ዘመድን ደረሰኝ መጠየቅ ደግሞ ብዙዎችን ያሳፍራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት ከዚህ ሲቆጠር፣ ቤቱን ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።