በቤት የሚሠራ የሳምፕ ማጣሪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳምፕ ከዓሣው ገንዳ በታች የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ከላይ የሞላው ውኃ በራሱ ክብደት በመውረጃ ቧንቧ ይወርዳል፤ በስፖንጅና በሌሎች ማጣሪያዎች ካለፈ በኋላ ፓምፕ በመመለሻ ቧንቧ ወደ ላይ ይልከዋል። ሠሪዎች አብዝተው የሚጨነቁት ምን ዓይነት ማጣሪያ እንደሚያስገቡ ነው። ቤት የሚያጥለቀልቀው ግን ቧንቧው ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ በቆመበት ሰዓት።

«መብራት ሲጠፋ ውኃው ባለበት ይቆማል»

አይቆምም። ፓምፑ ሲጠፋ ውኃ በሁለት በኩል ይወርዳል። በመውረጃው በኩል፣ የላይኛው ገንዳ ውኃ እስከ መውረጃው አፍ ድረስ ይጎድላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላኛውን ነው፦ ሲገፋ የነበረው መመለሻ ቧንቧ አሁን ውኃውን ወደ ታች መሳብ ይጀምራል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስም አይተውም። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ገንዳ ውስጥ ውኃው 3 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 14.4 ሊትር ነው። የመመለሻው አፍ 10 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ ግን 48 ሊትር ይወርዳል። ታች ይህን የሚችል ባዶ ቦታ ከሌለ ውኃው የሚያርፈው ምንጣፉ ላይ ነው።

«አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለኝ» የሚል አይጠፋም። ቫልቩ አዲስ ሳለ ይሠራል። ውሎ አድሮ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ገብታ በደንብ እንዳይገጥም ታደርገዋለች። ቧንቧው ላይ ከውኃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚበሳ የአየር ቀዳዳም ይረዳል፤ እሱንም አልጌ ይደፍነዋል። የሚያስተማምነው የመመለሻውን አፍ ወደ ውኃው ገጽ አስጠግቶ መግጠም ነው። ከዚያ ዓሣ ከመግባቱ በፊት፣ በንጹሕ ውኃ፣ ፓምፑን ሆን ብሎ ማጥፋት። የሚወርደው ወርዶ ሲያበቃ ሳምፑ አሁንም ከአፍ እስከ ገደፉ ካልሞላ ደህና ነው። ፓምፑን መልሰው ያብሩና ውኃው ሲረጋጋ የፓምፑ ክፍል (ፓምፑ የተቀመጠበት የሳምፑ ክፍል) ላይ የደረሰበትን ከፍታ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ምልክት በላይ ውኃ አይጨመርም።

«የሚወርደውን ከሚወጣው ጋር በቫልቭ ማመጣጠን ያስፈልጋል»

ራሱ ይመጣጠናል። ፓምፑ የላከውን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይፈስስም። መውረጃው ላይ ቫልቭ አጥብቦ መተው ግን አንድ የረገፈ ቅጠል እንዲደፍነው መጋበዝ ነው። የውኃውን ድምፅ ለማጥፋት ቫልቩን ጠበብ የሚያደርጉ አሉ፤ ዘዴው ይሠራል፣ ግን ከጎኑ ምንም ቫልቭ ያልተገጠመለት ሁለተኛ መውረጃ የግድ ነው።

«ገንዳውን ከመብሳት የተቆለመመ ቧንቧ አንጠልጥሎ በሲፎን (ውኃው ራሱን እየሳበ ጠርዙን እንዲሻገር አድርጎ) ማውረድ ይሻላል»

መብሳት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ትክክል የሚሆነው ግን በሙቀት የጠነከረ መስታወት ላይ ነው፤ እሱ መብሻ ሲነካው እንዳለ ይረግፋል። ተራ መስታወት በአልማዝ መብሻ፣ ውኃ እያፈሰሱ፣ ሳይጫኑ ይበሳል። በተንጠለጠለው ቧንቧ አናት ላይ ግን አረፋ እየተጠራቀመ አንድ ቀን ሲፎኑን ይበጥሰዋል፤ ፓምፑ ደግሞ ይህን ሳያውቅ መላኩን ይቀጥላል። ገንዳው መበሳት ካልቻለና ይህ ብቻ አማራጭ ከሆነ፣ የፓምፑን ክፍል ትንሽ አድርጎ መሥራት ነው፦ በውስጡ ያለው ውኃ በሙሉ ወደ ላይ ቢወጣ እንኳ የላይኛው ገንዳ ሊችለው ይገባል።

«ፓምፕ በትልቁ ነው»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ ውኃውን ወደ ላይ ሳያነሳ የሚሰጠው ነው። ከፍታው፣ የቧንቧው ጥበትና እያንዳንዱ ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) ይቀንሱታል። እውነተኛውን ለማወቅ ባልዲና ሰዓት ይበቃል፦ በመመለሻው አፍ 10 ሊትር በ30 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 1,200 ሊትር ነው። ለአብዛኛው ገንዳ በሰዓት የገንዳውን ውኃ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ማዞር በቂ ነው። ከዚያ ሲበዛ አረፋና ጫጫታ ይጨምራል፣ መውረጃውም ይጨናነቃል።

«ውድ የሴራሚክ ማጣሪያ ካልገባ አይሠራም»

አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት የሚጣበቁበት ገጽና ኦክስጅን ነው። የፕላስቲክ ድስት መፈግፈጊያም ያገለግላል። ስፖንጁ ግን ይቅደም፤ አለዚያ ቆሻሻው ባክቴሪያዎቹ ያሉበትን ይሸፍናል። ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ማጠብ፣ ሌላውን እምብዛም አለመንካት፤ ማጠቢያውም ከገንዳው የተቀዳ ውኃ ቢሆን ይመረጣል፣ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላልና።

«ሳምፕ ካለ ውኃ መቀየር ቀረ»

አልቀረም። ናይትሬቱ ይጠራቀማል።

«ሲሊኮን ሁሉ አንድ ነው»

ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ሲሊኮን ዓሣ ሊገድል ይችላል። ንጹሕ የሲሊኮን ማጣበቂያ ይፈለግ፤ ላዩ ደረቀ ተብሎም ወዲያው ውኃ አይሞላም፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። የሳምፑ ማካፈያ መስታወቶች ግን ከውጩ መስታወት ቢሳሱ ችግር የለም፤ ውኃው ከሁለቱም በኩል ይደግፋቸዋል።

«የላይኛው ገንዳ እስካልጎደለ ውኃ አልጎደለም»

በሳምፕ ላይ የላይኛው ከፍታ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የሚተንነው ውኃ የሚጎድለው ከፓምፑ ክፍል ነው። ያን ክፍል የማያይ ሰው ነገሩን የሚያውቀው ፓምፑ አየር ስቦ ሲያጓራ ነው፤ በደረቁ ሲሠራ ከቆየ ደግሞ ይቃጠላል። የውኃ ማሞቂያም እዚያ ክፍል ውስጥ ባይቀመጥ ጥሩ ነው፤ ከፍታው በማይለዋወጥበት ክፍል ይሁን። በጨዋማ ውኃ ገንዳ የሚተካው ውኃ ጨው የሌለበት መሆን አለበት፤ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም።