መዥገር፣ ቁንጫና የቤት እንስሶቻችን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች፤ ሁለቱም በብዙ ቤት የቤተሰቡ አካል ሆነው ይኖራሉ። ሲታመሙ ግን ስለ ሕመማቸው የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ ከመርዝ፣ ከድንጋይ ወይም ከእብድ ውሻ በሽታ አያልፍም። በመዥገር፣ በቁንጫና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፉት ሕመሞች በዚህ ምክንያት ስማቸው እንኳ ሳይነሣ ብዙ እንስሳ ይጎዳሉ። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች በሰፈርም፣ በገበያም፣ አንዳንዴም በተማሩ ሰዎች ዘንድ የሚደመጡ ናቸው።

“መዥገር የከብትና የቆላ ችግር ነው፤ እኛ ደጋ ነን።”

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በከብት ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ የመዥገር ዝርያዎች በሣርና በቁጥቋጦ ላይ ሆነው አላፊውን እንስሳ የሚጠብቁ በመሆናቸው ዝናብንና ሙቀትን ተከትለው ይበዛሉ፣ ይቀንሳሉ፤ ሰውም መዥገርን የሚያውቀው በዚህ ጠባዩ ነው። ሪፒሴፋለስ ሳንጉዊኒየስ የሚባለው ቡናማው የውሻ መዥገር ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። ከእንቁላል የሚፈለፈለው እጭም፣ በእጭና በጎልማሳ መካከል ያለው ኒምፍም፣ ጎልማሳውም በዋናነት የሚመገቡት ከውሻ ሲሆን፣ ከአንዱ የዕድገት ደረጃ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ከውሻው ላይ ወርደው በአቅራቢያ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ። ስለዚህ መዥገሩ የሚኖረው ሜዳ ላይ ሳይሆን እኛው ግቢ ውስጥ ነው፤ ቤቱ እስከሞቀ ድረስ የውጭው ብርድ ብዙም አይገታውም።

የውሻው ማደሪያ ከጭቃ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ በተሠራበት ግቢ፣ ማታ ባትሪ ይዞ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ መመልከት ብዙ ያሳያል። ልስኑ በተሰነጠቀበት፣ ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር በሚገጥምበት፣ በአሮጌው ጆንያ እጥፋት ውስጥ፣ ደም የጠገበችው ሴቷ መዥገር የጉሎ ፍሬ መስላ ትገኛለች። ይህች መዥገር ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ ስላላት ከበር መቃንና ከማገር ሥርም አትጠፋም። አንዲቷ ብቻ እስከ 4,000 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ጎልማሳ መዥገርም ምንም ሳይመገብ ለወራት ይቆያል። ውሻውን አጥቦ፣ የሚታየውን መዥገር ለቅሞ፣ ጆንያውን ግን እዚያው የሚተው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ችግሩ ተመልሶ ሲያገኘው መድኃኒቱን ይወቅሳል። ጆንያውን ማቃጠል ወይም በፈላ ውኃ መቀቀል፣ ስንጥቁንም መርጎ መለሰን የሕክምናው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

“አፍንጫው የሚደማ ውሻ ተመትቷል ወይም መርዝ በልቷል።”

ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የውሻ መመረዝም እዚህ ያልታየ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያለ ምንም ቁስል የሚነስር፣ ድዱና የሆዱ ቆዳ ላይ ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች የሚታዩበት፣ ቀስ በቀስ የከሳ ውሻ ሲያጋጥም አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ኤርሊኪያ ካኒስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ሕመም ነው። ይህ ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1935 አልጄሪያ ውስጥ መዥገር በወረራቸው ውሾች ላይ የተገኘ ሲሆን፣ ዛሬ ቡናማው የውሻ መዥገር ባለበት የዓለም ክፍል ሁሉ ይታወቃል። በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይራባል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች ቁጥራቸው እንዲያሽቆለቁል ስለሚያደርግ ውሻው ያለ ምት ይደማል።

አሳሳቹ ነገር የሕመሙ አካሄድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የዕጢ ማበጥ ይታያል፤ ብዙ ውሾች ከዚህ ደረጃ ያለ ሕክምና ያገገሙ ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ ተሕዋሱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ በአንዳንዶቹ ውሾች ላይ በመጨረሻ መቅኔውን ጎድቶ ደም የማምረት አቅማቸውን ያዳክማል። ባለቤቱ ነስሩን በሚያይበት ቀን በውሻው ላይ መዥገር ላይኖር ይችላል፤ በሽታውን የሰጠው ንክሻ ባለፈው ዓመት የተፈጸመ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ “መዥገር የለበትም” የሚለው መልስ በሽታውን ውድቅ አያደርገውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስሕተት አለ። ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀናት የሚሰጥ ነው። በድንገተኛው ደረጃ ላይ ያለ ውሻ ግን መድኃኒቱን በጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ባሉት ቀናት ውስጥ ተነሥቶ ይበላል፤ ባለቤቱም “ዳነ” ብሎ ቀሪውን ያስቀምጣል። በዚህ ጊዜ የዳነው ምልክቱ ነው።

“መዥገር በጋዝ ወይም በእሳት ሲነካ በራሱ ይለቃል፤ ከወደቀም ነገሩ አበቃ።”

ላምባ ማፍሰስ፣ የክብሪት ፍም ማስጠጋት፣ ቫዝሊን መቀባት ሁሉም መዥገሩን ያስጨንቁታል፤ የተጨነቀ መዥገር ደግሞ የሆዱንና የምራቁን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል፤ ውሻውም በከንቱ ይቃጠላል። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፦ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ፣ አፉ በተሰካበት በኩል ይዞ፣ ሳይጠመዝዙና ሳያፈርጡ ቀስ ብሎ ቀጥታ መሳብ። በጥፍር ማፍረጥ፣ በተለይ ልጆች እንደ ጨዋታ የሚያደርጉት ከሆነ፣ መከልከል አለበት፤ ይኸው የውሻ መዥገር ሪኬትሲያ ኮኖሪ የተባለውን፣ በሰው ላይ ትኩሳትና ሽፍታ የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላልና።

መዥገር ከተጣበቀ አንድ ቀን ካልሞላው በሽታ አያስተላልፍም የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ቁጥሩ የመጣው በዋናነት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከሚታወቀው የላይም በሽታ ነው። ኤርሊኪያ ካኒስ ግን መዥገሩ በተጣበቀ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊተላለፍ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ሄፓቶዞን ካኒስ የተባለው ተሕዋስ ደግሞ ንክሻ እንኳ አያስፈልገውም፤ ውሻው ራሱን ሲልስ ወይም ሲያክክ በበሽታው የተያዘ መዥገር ሲውጥ ይያዛል።

“ድመት ራሷን ስለምታጸዳ እንዲህ ያለ ነገር አያገኛትም።”

ድመት ስትልስ ቁንጫውን ትውጠዋለች፤ እኛ የምናየው ማስረጃ ይጠፋል እንጂ ቁንጫው አልነበረም ማለት አይደለም። የተዋጠው ቁንጫ የኮሶ ትል እጭ ካለበት ትሉ በአንጀቷ ውስጥ ያድጋል። ከዚህ ይልቅ ለቤተሰቡ የሚያሳስበው ባርቶኔላ ሄንሰሌ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በድመቶች መካከል የሚተላለፈው በዋናነት በቁንጫ ኩስ ሲሆን፣ ኩሱ በጥፍሯ ሥር ገብቶ ስትቧጥር ወደ ሰው ይገባል፤ በተቧጠረው ሰው ላይ የብብት ወይም የአንገት ዕጢ ለሳምንታት ሊያብጥ ይችላል። ድመቷ ራሷ ግን ባክቴሪያው በደሟ ውስጥ ለወራት እየተዘዋወረ ፍጹም ጤነኛ መስላ ትኖራለች። የበሽታ መከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ባሉበት ቤት ጉዳዩ ከዚህም በላይ ከባድ ስለሆነ፣ ድመቷን ከማባረር ይልቅ ቁንጫውን ማጥፋት ነው መፍትሔው።

“የከብት መድኃኒት ለውሻም ለድመትም ይሆናል።”

ይህን በተለይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ድመት የሚሞተው በበሽታው ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ሕክምና ነውና። ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖን ነርቭን የሚያውክ ኬሚካል ሲሆን፣ ራሷን የምትልስ ትንሽ እንስሳ ላይ ሲፈስ የቀረው ሁሉ በአፏ ይገባል። ፐርሜትሪን የተባለው፣ ለውሻ በሚዘጋጁ ብዙ መድኃኒቶች ውስጥ ያለ ንጥረ ነገርም ለውሻ ደኅና ሆኖ ሳለ ለድመት መርዝ ነው፤ የድመት ጉበት እንዲህ ያለውን ኬሚካል ለማስወገድ የሚያስችለው አቅም እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ መንቀጥቀጥ፣ መንዘፍዘፍና ሞት ይከተላል። የአይቨርሜክቲን መርፌ ደግሞ ለከብት በሚሰጠው መጠን የውሻን መዥገር አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያጠፋም።

“የእብድ ውሻ ክትባት የተከተበ ውሻ ከሁሉም ተጠብቋል።”

ክትባቱ የሚከላከለው የእብድ ውሻ በሽታን ብቻ ነው፤ ለኤርሊኪያ በገበያ ላይ የዋለ ክትባት የለም።

“ካላዛርን የሚያመጣው ውሻ ነው፤ ውሻን ማጥፋት በሽታውን ያጠፋል።”

ይህ አመለካከት በመተማና በሑመራ ለሥራ የሚመላለስ ሰው በበዛበት አካባቢያችን የውሾች ሕይወት የሚወሰንበት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በሜዲትራንያን ዙሪያ በሽታውን የሚያስከትለው ሊሽማንያ ኢንፋንቱም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ የተሕዋሱ ዋነኛ ምንጭ በእርግጥም ውሻ ነው፤ ሰዎች የሚያነቡት አብዛኛው ጽሑፍም ይህንኑ ይናገራል። በእኛ በኩል ያለው ግን ሊሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለው ሌላው ዝርያ ነው። እርሱም ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ በተባለ፣ ግራርና በደኖ በሚበቅልበት፣ በበጋ በሚሰነጣጠቅ ዋልካ አፈር ላይ በሚኖር የአሸዋ ዝንብ አማካይነት በዋናነት ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ይታሰባል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የሚታከሙት ብዙዎቹ ሕሙማንም ወደ እነዚያ ቆላማ እርሻዎች የሄዱ ወጣት ሠራተኞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ ግን ነገሩ ተወሳሰበ፤ ቦታው ቀድሞ በሽታው የማይታወቅበት ከፍታ ነበርና። ከዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ቀን ከግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር ለበሽታው ከመጋለጥ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳየ፤ ውሻ ማሳደርም እንዲሁ። የመጨረሻው ነጥብ ብቻውን ተነጥሎ ሲነገር “ውሻው ነው” ወደሚል ፍርድ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ጥናት የሚያሳየው ግን የሁለት ነገሮችን አብሮ መገኘት ነው፤ ውሻ የአሸዋ ዝንቡን ወደ ግቢ የሚስብ የደም ምንጭ ሊሆን ይችላል፣ ተሕዋሱን ሊሸከምም ይችላል፣ ወይም ውሻ ያለው ቤተሰብ አኗኗሩ በሌላ መንገድ ለንክሻ የሚያጋልጠው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለመለየት ከውሻው የተመገበ የአሸዋ ዝንብ ተሕዋሱን ተቀብሎ ማሳለፍ መቻሉ መረጋገጥ አለበት። ሳይረጋገጥ ውሻን መግደል ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ሰውን ከአጎበርና ከቅድመ ምርመራ ያዘናጋዋል። በደጋው የምናውቀውን የቆዳ ሕመም፣ ቁንጭርን፣ የሚያመጣው ደግሞ ሌላ የሊሽማንያ ዝርያ ነው፤ የዱር ምንጩም ውሻ ሳይሆን ሽኮኮ ነው።

“ጥናቱ ‘ተገኘ’ ካለ እንስሳው ታሟል፤ ‘አልተገኘም’ ካለ ነፃ ነው።”

የጥናት ውጤት ሲነበብ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በምን ዘዴ ተመረመረ የሚለው ነው። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ስሚር፣ ማለትም በመስታወት ላይ የተቀባ የደም ጠብታ፣ ርካሽና ጠቃሚ ቢሆንም፣ ኤርሊኪያ በተያዘ ውሻ ደም ውስጥ እንኳ በዚህ መንገድ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። የፒሲአር ምርመራ የተሕዋሱን ዲ ኤን ኤ ይፈልጋል፤ ሆኖም ተሕዋሱ በጣፊያ ውስጥ ተደብቆ ደሙ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል ያመረተውን ፕሮቲን የሚፈልገው የአንቲቦዲ ምርመራ ደግሞ ውሻው በሕይወቱ ለተሕዋሱ መጋለጡን እንጂ ዛሬ መታመሙን አይናገርም። አንድን ከተማ በሦስቱም ዘዴዎች ብንመረምር ሦስት የተለያዩ መቶኛዎች እናገኛለን፤ አንዱም ውሸት አይደለም።

በመዥገሮች ላይ የሚደረገው ምርመራም ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻል። ከውሻ ላይ የተነቀለ፣ ደም የጠገበ መዥገር ውስጥ የተሕዋስ ዲ ኤን ኤ መገኘቱ መዥገሩ የታመመ ውሻ ደም መጠጣቱን ያሳያል እንጂ አስተላላፊ መሆኑን አያረጋግጥም። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ስሚዝና ኪልቦርን እ.ኤ.አ. በ1893 የከብቶችን የቴክሳስ ትኩሳት መዥገር እንደሚያስተላልፈው ያረጋገጡት መዥገሩን በጤነኛ ከብት ላይ አኑረው ነው። ስለ ኤርሊኪያ ካኒስም እንዲህ ባለ ሥራ የታወቀ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ ተሕዋሱ ከእጭ ወደ ኒምፍ፣ ከኒምፍ ወደ ጎልማሳ ይሻገራል፤ ከእናቲቱ መዥገር ወደ እንቁላሏ ግን አይተላለፍም። ስለዚህ አዲስ የተፈለፈለው ትውልድ ሁሉ ነፃ ሆኖ ይጀምራል፤ የሚበከለውም የታመመ ውሻ ሲያገኝ ብቻ ነው። በአንድ ግቢ ያሉትን ውሾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማከም፣ አንዱን ብቻ ከማከም የተሻለ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሕክምናውን በሚገባ የጨረሰ ውሻ የአንቲቦዲ ምርመራው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ “ፖዘቲቭ” ሆኖ ስለሚቆይ፣ እንደገና መድኃኒት ከመጀመር በፊት የፕላትሌቱን ቁጥርና የውሻውን ሁኔታ ማየት ይገባል።