ልጁ የት ነው ያለው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ አብሯቸው አልነበረም። ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ «መስሏቸው» ላይ ነው። እርሱ የተገኘው በቤተ መቅደስ ነበር። የእኛ ልጅ ግን «ከጓደኞቹ ጋር ነው» ብለን ስንተወው በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም ሊሆን ይችላል።

ለጅማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጫት ደጃችን ላይ ነው። ተማሪው የፈተና ሰሞን «እንቅልፍ ያባርርልኛል» ብሎ ይጀምራል። መርቅኖ ያመሸ ልጅ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር ጨብሲ ይወጣል። ጫቱ መጠጡን ጠርቶ አመጣው ማለት ነው። በልጅነቱ የጀመረ ሰው ካደገ በኋላ ከጀመረው ይልቅ በሱስ የመያዝ ዕድሉ ይሰፋል፤ አእምሮው ገና አልጠናምና።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥም ሲጋራም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ጥሩ ነው። ግን አባት ራሱ ልጁን «ሂድ፣ ጫት ገዝተህ ና» ብሎ ሲልክ ምን ሕግ ይደርስለታል? ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ በክርስቲያን ቤትም አለና።

ለልጅ ትልቁ አጥር የት እንደዋለ የሚያውቅ፣ ሳይጮህ የሚጠይቀው ሰው ነው። የሚወደው ትምህርት፣ ኳስ፣ የሚቀርበው የንስሐ አባት፣ እነዚህም ይይዙታል። ቡና ሲፈላ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ሦስተኛው እስኪደርስ ብዙ ነገር ያወራል።

በመዝሙር ክፍላችን የማስተምረው አንድ ከበሮ መቺ ልጅ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ቀረ። ፈተና ይዞት ይሆናል አልኩ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቱ የሄድኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እናቱ በር ላይ አየችኝና ደነገጠች። «እናንተ ጋ የሚመጣ መስሎኝ!» አለች።

ልጁ ለካ ጫት ይቅም ነበር። ሲያቆም ደግሞ ዱካክ (የሌሊት ቅዠት) አስጨነቀው። ቤተሰቡ ክፉ መንፈስ ነው ብለው ፈሩ። ጫት የተወ ሰው ሌሊት ቅዠት ሊይዘው ይችላል፤ ከጊዜ ጋር ይቀላል። ጸበልም ወሰድነው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሐኪም ዘንድም ወሰድነው። ሁለቱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን አትናቁ።

እመቤታችን ልጇን ስታገኘው እየተጨነቁ ሲፈልጉት እንደነበር ነገረችው። እኔም ለዚያ ልጅ ይህንኑ ማለት ነበረብኝ። ዘግይቼም ቢሆን ነገርኩት። አልቅሶ «ማንም የሚፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር» አለኝ።

አሁን መዝሙር ክፍላችን ስም ይመዘግባል። አንድ ቅዳሜ የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ይሄዳል።