ሜሞሪ መልስ ሲባል፦ ስለ ግራፊክስ ድራይቨርና ስለ ሰነዱ የሚሳሳቱ ነገሮች

አዳማ ላይ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የአሮጌ ላፕቶፕ ፋን ድምፁ ከባጃጅ አያንስም። በምሠራበት የጥገና ክፍል 4 ጊጋ ራም ያላቸውን ላፕቶፖች በሊነክስ ነፍስ እንዘራባቸዋለን፤ አብረውኝ ያሉት ልጆች ደግሞ የከርነል (ራሙንና ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሊነክስ እምብርት) ኮድ ማንበብ ጀምረዋል። ሰሞኑን አይ-915 የሚባለው የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር (ከርነሉን ከግራፊክሱ ጋር የሚያገናኘው ኮድ) የያዘውን ሜሞሪ እንዴት እንደሚመልስ በአማርኛ ማብራሪያ እየጻፍን ነው። ስንጽፍ ደጋግመው ያደናቀፉን እነዚህ ናቸው።

«ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ከራም ጋር ምን አገናኘው?»

የራሱ ያለው ለብቻው የሚሰካው ካርድ ነው። እኛ ጋ ያሉት ግራፊክሳቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከዋናው ራም ነው የሚቋደሱት። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ስክሪን ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲያዝለት 8,294,400 ባይት ይሆናል። ከርነሉ ራምን የሚቆርስበት አንድ ፔጅ 4,096 ባይት ስለሆነ ልክ 2,025 ፔጅ መሆኑ ነው። ብሮውዘር ሲከፈትማ እንዲህ ያለው ይደራረባል። ራም ሲጠብ ታዲያ ከርነሉ ድራይቨሩንም «አንተስ ምን ትለቃለህ?» ይለዋል። ይህ የሚጠየቅበት በር ሽሪንከር ይባላል።

«ሽሪንከር የሚጠራው ራም ሲያልቅ ነው»

ካለቀማ ረፍዷል፤ ያኔ የሚመጣው ፕሮግራም መርጦ የሚገድለው ኦኦኤም ኪለር ነው። ነፃው ሜሞሪ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ አስቀድሞ የሚነቃው ኬስዋፕዲ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ ያስለቅቃል። እሱ ካልደረሰ ሜሞሪ የጠየቀው ፕሮግራም ራሱ ሥራውን አቁሞ ማስለቀቅ ውስጥ ይገባል። ጣጣው ያለው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

«ማስለቀቅ ማለት የተጠቃሚውን ምስል ማጥፋት ነው»

ሁለት ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ አስቀድሞ «ይህን አልፈልገውም» ያለው ይዘት በቃ ይጣላል። በኋላ ተመልሶ «እፈልገዋለሁ» ቢል ድራይቨሩ አለ ወይም የለም ብሎ ይነግረዋል፤ ከሌለ እንደገና መሳል ነው። ሌላው ይዘት ግን አይጠፋም፤ ከግራፊክሱ ተላቅቆ ወደ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ይዘት ወደሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ) ይሄዳል። ስዋፕ ከሌለስ? ድራይቨሩ መጣል የሚችለው የተፈቀደለትን ብቻ ይሆናል። ላፕቶፕ ያፈጥናል ብሎ ስዋፕ የሚያጠፋ ደንበኛ ሲመጣ ይህን ማስረዳት የእኔ ዕጣ ነው።

«የሚቆጠረው ቁጥር ትክክለኛ መሆን አለበት»

በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው የከርነል ስሪት 3.12 ወዲህ ሽሪንከር ሁለት ሥራ አለው፤ ምን ያህል ሊለቀቅ እንደሚችል መቁጠርና ማስለቀቅ። ቆጠራው ግምት ይበቃዋል፤ ፈጣን መሆኑ ይበልጣል። መለኪያው ግን መጻፍ አለበት። ከርነሉ ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ 128 ነው የሚጠይቀው። 128 ምን? በፔጅ ከሆነ ግማሽ ሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ስክሪን ደግሞ 2,025 ፔጅ ይዞ ቁጭ ብሏል። የኢንቴሉ ድራይቨር ለዚህ ሲል የጥያቄውን መጠን ከፍ አድርጎ ይጀምርና እንደ ዕቃዎቹ (ድራይቨሩ በሜሞሪ የያዛቸው የግራፊክስ ይዘቶች) አማካይ መጠን ያስተካክለዋል። መለኪያው ያልተጻፈለት አንባቢ ይህን ኮድ ሲያይ ግራ ይገባዋል።

«ሎኩ ከተያዘ ትንሽ መጠበቅ ነው»

ይኼኛው እኔንም ለሁለት ቀን አሳስቶኛል። ሎክ አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ቁልፍ ነው። የሽንኩርት መጋዘን አስቡ። ባለቤቱ በሩን ከውስጥ ቆልፎ እየቆጠረ ነው። ቦታ ጠበበውና በር ላይ ላለው ተሸካሚ «ና አውጣልኝ» ይላል። ተሸካሚው «በሩን ክፈትልኝ» ይላል። ባለቤቱ «መጀመሪያ ቦታ ልቀቅልኝ፣ ሳልጨርስ አልከፍትም»። ሽንኩርቱ እዚያው ይበሰብሳል።

ድራይቨሩም እንዲሁ ነው። ሎክ እንደያዘ አዲስ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ሜሞሪ ስለጠበበ ከርነሉ በዚያው ጥያቄ መሃል የዚያኑ ድራይቨር ሽሪንከር ይጠራል፤ ሽሪንከሩ ያንኑ ሎክ ይጠብቃል። ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ሽሪንከሩ ሎኩን ይሞክራል፤ ካልተገኘ ያንን ዕቃ ትቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ጭራሽ መንቀሳቀስ ካልቻለም «አቁም» የሚል መልስ ለከርነሉ መመለስ ይችላል።

ክፋቱ 32 ጊጋ ባለው ማሽን ላይ ይህ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሎክዴፕ የሚባለው የከርነል መርማሪ ግን የትኛው ሎክ ማስለቀቅ ውስጥ እንደሚያዝ አስቀድሞ ከተነገረው፣ ራም ሳይጠብም ያስጠነቅቃል። አይ-915 ሲነሳ ይህንኑ ይነግረዋል።

«ኮዱ ራሱን ያብራራል»

ኮዱ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ማን፣ ምን ይዞ ሳለ ሊጠራው እንደሚችል ግን አይናገርም። የከርነል ሰዎች ማብራሪያውን ከፈንክሽኑ በላይ የሚጽፉት ኮዱ ሲቀየር አብሮ እንዲቀየር ነው፤ ከ4.8 (2016 እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ስፊንክስ የተባለው መሣሪያ ሰብስቦ ገጽ ያደርገዋል።

የእኛ የመጀመሪያው ረቂቅ «ይህ ፈንክሽን ሜሞሪ ይለቃል» ይል ነበር። ስሙን ደገምነው እንጂ ምን ጨመርን? አሁን እንዲህ ይላል፦ «በሜሞሪ ጥያቄ መሃል ሊጠራ ይችላል። የተያዘ ሎክ አይጠብቅም፤ ዕቃውን ያልፈዋል። የለቀቀውን በፔጅ ቆጥሮ ይመልሳል፤ ከተጠየቀው ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል።»