«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ»፦ ለመልቀምም እኮ አውድማ ያስፈልጋል

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ነበር። ሁላችንም ኮድ የምንጽፍ ልጆች ነን። አንዱ የሁለት ቀን ሥራው ጠፍቶበታል። ጊት (የኮድ ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥልን ፕሮግራም) ላይ ኮሚት ያላደረገው፣ ማለትም ያላስመዘገበው ለውጥ እንዳለ ረስቶ «ጊት ሪሴት ሃርድ» አለ፤ ፋይሎቹን ወደ መጨረሻው ኮሚት የሚመልስ ትእዛዝ ነው፣ በቃ። ጎኑ የተቀመጠው «አይዞህ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አለው።

ምኑን ለቀመ? የሚለቀም ነገር የት አለ?

«አፍሶ» የሚለውን ብዙ ሰው «አፍስሶ» ማለት ነው ይላል። እኔ ግን «አፈሰ» ነው ባይ ነኝ፣ የእፍኝ ዘመድ። ሰውዬው ቸኩሎ በሁለት እጁ አፈሰ፣ በጣቶቹ መሃል ሾለከበት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመ። እህሉም ጤፍ ሊሆን አይችልም፣ ጤፍ ማን ይለቅማል? ሽምብራ ነው። ሽምብራ ከሆነ ደግሞ ተረቱ የኛው የፎገራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጅ ሆኜ አያቴ ዘንድ ፎገራ ነበርኩ። እዚያ ክረምት ሲወጣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ዋልካው ሲደርቅ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውቂያ ከመድረሱ በፊት አውድማው ተጠርጎ፣ ተደልድሎ፣ በእበት ይለቀለቃል። አያቴ እበቱን በውሃ አላልታ በመዳፏ ስትለቀልቅ ስንጥቁ ሁሉ ጥርቅም ይላል፣ ሲደርቅ እንደ ምጣድ ለስላሳ ነው። አንድ ቀን ቁናውን ይዤ ስሮጥ አውድማው ጠርዝ ላይ ተደናቀፍኩ። ግማሹ ሽምብራ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ተበተነ። የውስጡን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለቀምኩት። የውጩን ዋልካው ዋጠው። አያቴ አልተቆጣችም፣ «የለቀለቅኩት ለዚህ ነው ልጄ» ብቻ አለችኝ።

ጊት ላይ ልቅለቃው ኮሚት ነው። ኮሚት ያደረጋችሁት ነገር ሪሴት ሃርድ ብትሉም «ሪፍሎግ» (ጊት የነበራችሁበትን ኮሚት ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ) ውስጥ ይገኛል፣ ብራንቹ (የሥራው መስመር) ጥሎት የሄደው ኮሚት እንኳ የጊትን ቅንብር ካልነካካችሁት 30 ቀን ይቆያል። «አድ» ብቻ ያላችሁትም፣ ማለትም ለኮሚት ያሰናዳችሁት፣ ተስፋ አለው፦ የጊትን ማከማቻ የሚፈትሸው «ጊት ኤፍኤስሲኬ» «ሎስት ፋውንድ» በሚለው አማራጩ ፈልጎ ያወጣዋል፣ የፋይሉ ስም ባይኖርም። አንዴም አድ ያልተባለ ለውጥ ግን ጊት አያውቀውም። ስንጥቁ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ብራንች ለመቀየር ከቸኮላችሁና ሥራው ለኮሚት ካልደረሰ «ጊት ስታሽ» በሉ፣ ለጊዜው ወደ ጎን ያስቀምጥላችኋል። አዲስ ፈጥራችሁ አድ ያላላችኋቸው ፋይሎች ካሉ «ኢንክሉድ አንትራክድ» የሚለውን ጨምሩበት፣ አለበለዚያ ትቷቸው ነው የሚሄደው። ከሁሉ በፊት «ጊት ስታተስ» ብላችሁ ኮሚት ያልሆነ ነገር ካለ እዩ፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም!

እና እባካችሁ፣ ሥራው ለጠፋበት ሰው ይህን ተረት አትተርቱበት። ለሱ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለለት። ያ ጓደኛችን ምንም አልለቀመም፣ ቡናውን ሳይጨርስ ቤቱ ሄዶ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደገና ጻፈው።