ፕላስቲክ በቤትና በማሳ

ፀሐይ ላይ የከረመ የፕላስቲክ ባልዲ አንስታችሁ ታውቁ ይሆናል። እጀታው እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ባልዲው መሬት ላይ። ጠርዙን ጫን ስትሉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረካከሳል። ይሄን ያየ ሰው «በሰበሰ» ይላል። አልበሰበሰም። ስብርባሪው እንዳለ ፕላስቲክ ነው፤ ለመልቀም ብቻ አስቸጋሪ ሆኗል።

ፕላስቲክ ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው የሚፈጥሩት ረጅም ሞለኪውል ነው። ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነውን የመጀመሪያ ፕላስቲክ፣ ባክላይትን፣ በ1907 የፈለሰፈው ቤልጂግ የተወለደው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የፌስታል ጥሬ ዕቃ የሆነው ፖሊኢትሊን ግን በአጋጣሚ የተገኘ ነው። በ1933 እንግሊዝ ውስጥ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን በከፍተኛ ግፊት ሌላ ነገር ሲሞክሩ፣ ዕቃቸው ውስጥ ነጭ ሰም የመሰለ ነገር ተጋግሮ አገኙ። ባለ እጀታውን ፌስታል ደግሞ ስዊድናዊው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ሠራው፤ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1965 ነው። ልጁ በኋላ እንደተናገረው፣ ቱሊን አንዱን ፌስታል አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። አንዴ ተጠቅሞ መጣል የሚለው ሐሳብ ለእሱ እንግዳ ነበር ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ፕላስቲክ የሌለበት ጥግ መፈለግ ይሻላል። የውኃ ጠርሙስ፣ ጄሪካን፣ የቧንቧ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሲሪንጅ። ልብሳችንም እንዲሁ፣ ፖሊስተር ፕላስቲክ ነው። አንዳንድ ዕቃ ቂጡ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ውስጧ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሯ የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የምትናገረው፤ 1 የለስላሳ ጠርሙስ፣ 2 የጄሪካን ዓይነት፣ 4 የፌስታል። ብዙዎች «ይሄ ተመልሶ ይሠራል» ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም።

በ1950 ዓለም ያመረተው ፕላስቲክ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በ2019 ጥቅም ላይ የዋለው 460 ሚሊዮን ቶን ደርሷል። እስከ 2015 ቆሻሻ ሆኖ ከተጣለው ውስጥ ተመልሶ የተሠራው 9 በመቶ፣ የተቃጠለው 12 በመቶ ነው። የቀረው ወይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተከምሯል፣ ወይ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ጠርሙስ ገዢ ስላለው ይለቀማል። ስስ ፌስታል ግን ክብደት የለው፣ ይቆሽሻል፣ ነፋስ ይወስደዋል፤ ማን ጎንበስ ይልለታል? ቦዩን ይደፍናል። ባንግላዴሽ በ2002 ስስ ፌስታልን ከሁሉም አገር ቀድማ የከለከለችው፣ ጎርፍ ሲመጣ የውኃ መውረጃዎቿን እየደፈነ ስላስቸገራት ነበር። ላም ከበላችው ደግሞ ሆዷ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ አይፈጭም፣ አይወጣም። ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም። በተለይ ቧንቧ የሚሠራበት ፒቪሲ በሜዳ ሲቃጠል ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ይወጣዋል።

ስለ እርሻ ሲወራ ፕላስቲክ ብዙም አይነሳም። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ግን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ የእርሻው ዘርፍ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ዕቃ እንደሚጠቀም ገምቷል። ጥቅሙም የሚናቅ አይደለም። በጠብታ መስኖ ቀጭን ቱቦ ውኃውን ሥሩ ድረስ ወስዶ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ ውኃ በቦይ ሲሄድ የሚባክነው ይተርፋል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ የእህል ከረጢት ደግሞ የሚገርም ነገር ነው። ሁለቱ ውስጠኛ ሽፋኖች ወፍራም ፖሊኢትሊን ናቸው፣ ውጪኛው የተሸመነ ማዳበሪያ። (በእኛ አፍ ማዳበሪያ ከረጢቱም ነው፣ የሚይዘውም።) አፉ ተጠምዝዞ ሲታሰር ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ይጨርሰዋል። ከዚያ መብላት ያቆማል፣ ቆይቶም ይሞታል። አንዲት ጠብታ መድኃኒት አላስፈለገም። ከረጢቱ ካልተቀደደ ለሌላ ዓመትም ያገለግላል።

እኔን የሚያሳስበኝ መደብ ላይ የሚነጠፈው ጥቁር ላስቲክ ነው። እንደ ጉዝጓዝ ያገለግላል። አረሙ ብርሃን ያጣል፣ እርጥበቱ አይተንም፣ አፈሩ ይሞቃል፣ ምርቱ ቶሎ ይደርሳል። ገለባም ከዚህ ብዙውን ይሠራል፤ ነገር ግን ገለባ ማመላለስ ጉልበት ይጠይቃል፣ ከብትም ይፈልገዋል። ላስቲኩ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ይዘረጋል፣ አለቀ።

ጣጣው መኸር ላይ ይመጣል። ላስቲኩ ስስ በሆነ ቁጥር ይረክሳል፤ ስስ በሆነ ቁጥር ደግሞ ሲነሳ ይቀደዳል። ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት መሐሉ ይበጠሳል፤ ዳርና ዳሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የተነሳውም ቢሆን ጭቃና ሥር ተጣብቆበት ስለሚመጣ፣ ከላስቲኩ አፈሩ ሊመዝን ይችላል። እንዲህ ያለውን መልሶ የሚሠራ ፋብሪካ አይቀበለውም። የቀረው ቁራጭ በሚቀጥለው እርሻ ይታረሳል፣ ይደቃል፣ ከ5 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ቁራጩ ሲበዛ የውኃውን ስርገትና የሥሩን መንገድ ይዘጋል። የጥጥ አገር በሆነችው የቻይናዋ ሺንጂያንግ ይህ በሰፊው ታይቷል። ቻይና በኋላ ለላስቲኩ ውፍረት ያወጣችውን ዝቅተኛ ደረጃ ከ0.008 ወደ 0.010 ሚሊሜትር ከፍ አደረገችው። ልዩነቱ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል፤ ሐሳቡ ግን ላስቲኩ ሳይበጣጠስ እንዲነሳ ነው።

«የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ሲታይ መጠንቀቅ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ለዚህ ዓይነቱ ላስቲክ ግልጽ መስፈርት አለው፦ አፈር ውስጥ በ2 ዓመት ቢያንስ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ኦክሶ የሚባለው ግን እንዲሰባበር የሚያደርግ ኬሚካል የተጨመረበት ተራ ፕላስቲክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ ከገበያ አግዶታል። የባልዲው ታሪክ ነዋ።

የፀረ-ተባይ ዕቃስ? ወፍራም ስለሆነ መሰብሰቡ ይቀላል፤ ችግሩ ውስጡ የሚቀረው መርዝ ነው። ደንቡ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ነው፣ እጣቢውም ወደ መርጫው ይገለበጣል። ከዚያ ውኃ የሚቀዳበት እንዳይገኝ ቂጡ ይበሳል። ብራዚል በ2000 ባወጣችው ሕግ ገበሬው ባዶውን ዕቃ በ1 ዓመት ውስጥ እንዲመልስ ታስገድደዋለች። ሻጩም ደረሰኙ ላይ የመመለሻውን ቦታ ይጽፍለታል። ዛሬ እዚያ ከ10 የፕላስቲክ ዕቃ ከ9 የሚበልጠው ይመለሳል።