የሪል ድራግ ምንድን ነው?

በጎጀብ ወይም በጊልጌል ጊቤ ወንዝ ዳር ክር የጣለ ሰው ቢልጫ የተባለውን ዓሣ ያውቀዋል። አምባዛ መንጠቆው ሲይዘው ክብደቱን ጥሎ ወደ ጭቃው ይወርዳል፤ ቢልጫ ግን ወራጁን ተከትሎ ይፈተለካል። በዚያች ቅጽበት ክሩ ወይ ይለቀቃል ወይ ይበጠሳል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የሰውየው ጉልበት አይደለም፤ ክሩ በተጠቀለለበት መሣሪያ፣ በሪሉ፣ ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ማጥበቂያና ከሥሯ የተደበቀው የክሩ ፍሬን፣ ድራግ ነው። በርካሽ ዋጋ ሪል መግዛት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበትም ይህንኑ ይመስለኛል።

ስፒኒንግ ሪል ሲጠቀልል ክሩ ያለበት ስፑል ራሱ አይዞርም። እጀታው ሲዞር በስፑሉ ዙሪያ የሚሽከረከረው ክፍል ክሩን እየመራ ይጠመጥምበታል። እንዲህ ያለውን ሪል በ1905 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ ሐሳቡ ከክር ሰው መምጣቱ አያስገርምም። ታዲያ ይህ የቆመ ስፑል የሚዞርበት አንድ ጊዜ አለ፤ ዓሣው ከተወሰነ ኃይል በላይ ሲጎትት። ያንን ኃይል የሚወስነው ክፍል ድራግ ይባላል።

የማጥበቂያዋ ብሎን ተፈትታ፣ ሮንዴላዎቹን የያዘችው ሽቦ በጥንቃቄ ከተነሣች በኋላ ስፑሉ ውስጥ የተደራረቡ ሮንዴላዎች ይታያሉ። አንዱ የብረት ሮንዴላ በዳሩ ባሉት ጆሮዎች ከስፑሉ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው መካከለኛ ቀዳዳው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ስፑሉ ከተሰካበት የሪሉ ዘንግ ጋር ይቆለፋል። በመካከላቸው ከተጠቀጠቀ ሱፍ ወይም ከካርቦን የተሠራ ስስ ሮንዴላ ይገባል። ማጥበቂያው ሲዞር ሞላው ሁሉንም አንድ ላይ ይጫናቸዋል፤ በተጫናቸው መጠን መንሸራተት ይከብዳቸዋል። ጅማ ውስጥ ሞተር ብስክሌት የሚጠግን ሰው ይህን ሲያይ ማብራሪያ አይሻም፤ የፍሪሲዮን ሸራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ። ርካሽ ሪል ካርቶኑ ላይ ብዙ ይናገራል። አንደኛው ወሬው የኩሽኔታ ብዛት ነው፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ይላል። ጥራታቸው የወረደ አሥራ ሦስት ኩሽኔታዎች ከአራት ደህና ኩሽኔታዎች አይበልጡም፤ ቁጥሩ ለዓይን የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ወሬ የድራጉ ከፍተኛ አቅም ነው፤ 8 ኪሎ፣ 10 ኪሎ። በወንዝ የሚያገለግል ክር ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ኪሎ ቢጎተት የሚበጠስ ነው። ድራግ ደግሞ የሚጠበቀው ከክሩ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ልክ ነው፤ ስለዚህ ባለ 4 ኪሎ ክር የጠቀለለ ሰው የሚፈልገው ከ1 ኪሎ እስከ 1.3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የካርቶኑ ጉራ በጎጀብ ዳር ምንም አይሠራም።

ቁም ነገሩ አነሳሱ ላይ ነው። መጥፎ ድራግ መጀመሪያ ሙጭጭ ይልና ድንገት ይለቃል፤ እንደገና ይይዛል፤ እንደገና ይለቃል። ክር የሚበጠሰው በዚያ ሙጭጭ ባለበት ሰዓት ነው። ጥሩ ድራግ ግን ከሚወጣው ክር የመጀመሪያዋ የጣት ስፋት ጀምሮ እኩል ይንሸራተታል። ይህን ለማወቅ ወንዝ መውረድ አያስፈልግም። ሱቅ ውስጥ ማጥበቂያውን መካከል ላይ አድርጎ ክሩን በእጅ ቀስ እያሉ መሳብ፣ ከዚያ ድንገት መሳብ በቂ ነው። ክር ባይኖርበት እንኳ ስፑሉን በጣት ማዞር ይቻላል። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁር ይቻለው።

ሪል ጅማ ውስጥ በየሱቁ የሚደረደር ዕቃ አይደለም። አብዛኛው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ስለሆነ፣ መምረጥ ሲቻል ለሚያመጣው ሰው አጭር መልእክት መላክ ይሻላል፦ የመጠን ቁጥሩ 2500 የሆነ፣ ድራጉ ከፊት ያለ። ድራጉ ከኋላ የሆነ ሪል ዓሣ በሚጎተትበት ሰዓት ለእጅ ይመቻል፤ ነገር ግን ሮንዴላዎቹ ያነሱ፣ መለዋወጫዎቹ የበዙ ናቸው። በርካሽ ዕቃ ላይ የበዛ መለዋወጫ የበዛ ብልሽት ነው። የጃፓኖቹ ሪል አምራቾች የሺማኖና የዳይዋ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ሞዴሎች ኩሽኔታቸው ጥቂት ቢሆንም ድራጋቸው ብዙውን ጊዜ አያሳፍርም፤ ስም ከሌለው ባለ አሥራ ሦስት ኩሽኔታ ሪል ይልቅ እነርሱን እመርጣለሁ።

ሚዛን የሌለው ሰው ድራጉን በምን ይለካዋል? አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። የተሞላ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ በክሩ ጫፍ ይታሰር፤ ክሩ በማጥመጃው ዘንግ ቀለበቶች ውስጥ አልፎ፣ የማጥመጃው ዘንግ ዓሣ እንደያዘ ጎበጥ ብሎ ሃይላንዱ ይነሣ። ማጥበቂያው ቀስ በቀስ እየላላ ሃይላንዱ ሳይዘል ሳይንገጫገጭ ወደ መሬት መውረድ የጀመረበት ቦታ ለባለ 4 ኪሎ ክር የሚስማማው ቦታ ነው። ሃይላንዱ በየመሐሉ ቆም፣ ዘለል እያለ የሚወርድ ከሆነ ሮንዴላዎቹ ቆሽሸዋል ወይም ደርቀዋል።

ዓሣው ብዙ ክር ይዞ ሲሄድ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ደንግጦ ያጠብቃል። ክሩ እየወጣ ሲሄድ በስፑሉ ላይ የቀረው ጥቅል ይቀጥናል፤ ጥቅሉ በቀጠነ መጠን ያንኑ ድራግ ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። የጥቅሉ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ውኃው ራሱ ረጅሙን ክር ይጎትታል። ስለዚህ ቢልጫው ከራቀ ድራጉ ጥቂት ይላላል እንጂ አይጠብቅም። ክር በሚወጣበት ጊዜም እጀታውን ማዞር ትርፉ ክሩን ማጠማዘዝ ነው፤ በአንድ የእጀታ ዙር አምስት ጊዜ የሚሽከረከር ሪል በእያንዳንዱ ዙር አምስት ጥምዝ ይጨምርበታል። በማግስቱ ክሩ በራሱ ላይ እየተጠቀለለ ሲያስቸግር የሚረገመው ክሩ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእጅ ነው።

በዝናብ ወራት ወንዞቹ ደፍርሰው አሸዋ ያወርዳሉ፤ እርጥብ ደለል ላይ የተቀመጠ ሪል ድራጉ ውስጥ አሸዋ ይገባዋል። ሮንዴላዎቹ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ተደርድረው፣ ተጠርገው፣ ደርቀው ይመለሱ። የሱፉ ጥቂት ግራሶ ወይም ስስ የማሽን ዘይት ይፈልጋል፤ የካርቦኑ ደረቅ ቢሆንም ይሠራል። የምግብ ዘይት ግን አይነካው፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሪሉ ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ ማጥበቂያው ይላላ፤ ተጨፍልቆ የከረመ የሱፍ ሮንዴላ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም።